እሳቱ ከውጭ፣ እንቅልፉ ከውስጥ

ቡታጋዝ ይዛችሁ ወደ ጂንካና ደቡብ ኦሞ ስትጓዙ



የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም የበዓል ሰሞን ሲደርስ ቤተሰብን ይዞ አገር ማየት በብዙዎቻችን ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ይህም የሚያስመሰግን ነው። ቀደም ባለው ዘመን ረጅም ጉዞ ማለት ዘመድ ጥየቃ ወይም ለቅሶ መድረስ ነበር፤ ስንቁም በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ስለሆነ በመንገድ ላይ እሳት ማንደድ እምብዛም አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን አንዲት እናት ለሕፃኗ ወተት የምታሞቅበትን፣ ለቤተሰቧ ሻይ የምታፈላበትን ቡታጋዝ ከነምድጃው መኪና ላይ ጭና መነሣት ትችላለች። የሚኒባሳቸውን የኋላ ወንበር አውጥተው፣ ጣውላና ፍራሽ ዘርግተው መኪናውን እንደ ቤት የሚገለገሉበትም አልጠፉም።

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ማድ ቤታችን ሰፊ መስኮት ካለው ቤት ወጥቶ ጎማ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ጥንቃቄውም አብሮ መለወጥ እንዳለበት ብዙዎቻችን አናስተውልም። ይህን የምጽፍላችሁ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ለማስተላለፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ጂንካ በሄድኩበት ጊዜ በገዛ ስሕተቴ ቤተሰቤን ለሞት አቅርቤ ስለነበር ነው። እናንተ በዚያው መንገድ ስትሄዱ እኔ ያየሁትን ውበት እንድታዩ፣ የደረሰብኝ ጭንቅ ግን እንዳይደርስባችሁ በማለት መንገዱን ከነጥንቃቄው እንደሚከተለው አቀርብላችኋለሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት

ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ ትደርሳላችሁ። ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ኮንሶ፣ ከኮንሶም የወይጦን ሸለቆ አቋርጣችሁ ቀይ አፈር ትወጣላችሁ። ከቀይ አፈር በኋላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ጂንካ ትገባላችሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ለልጆችም ለሹፌርም አይበጅም፤ አርባ ምንጭ ላይ አድሮ፣ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች አይቶ መነሣት ይሻላል።

ጓዛችሁን ስታሰናዱ ግን ከምግቡና ከልብሱ አስቀድማችሁ ቡታጋዙን መርምሩ። ቡታጋዝ የምንለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች በግፊት ፈሳሽ ሆነው ሲሊንደር ውስጥ የታሸጉበት ነዳጅ ነው። ፈሳሹ አንድ ሊትር ብቻ ቢያፈተልክ ወደ 250 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የምናውቀው የሚከረፋ ሽታ ሲያፈተልክ እንድንነቃ ተብሎ በፋብሪካ የሚጨመርበት ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት ጠባዩ ደግሞ ከአየር የሚከብድ መሆኑ ነው። ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ይህ ጋዝ ግን እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርድና ከወለል ላይ ይተኛል። በቤታችን በበር ሥር ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ በመኪና ወለል ላይ ግን መውጫ የለውም። አንዲት የክብሪት ጭረት ወይም የመብራት ማብሪያ ብልጭታ ሊያነድደው ይችላል።

ስለዚህ ሲሊንደሩ በጉዞ ላይ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ መቆምና በጠንካራ ጠፍር መታሰር አለበት። የተጋደመ ሲሊንደር በጋዝ ፈንታ ፈሳሹን ወደ ሬጉላተሩና ወደ ጎማው ሊልክ ስለሚችል እሳቱ ድንገት ይጋልባል። ለጉዞ ትንሿ ሲሊንደር ትበቃለች፤ ለቤት የተገዛውን 12.5 ኪሎ የሚይዘውን ይዞ መዞር ሸክምም አደጋም ነው። ትንሿንም ብትሆን ከአስሞያ ቦታ እንጂ ከትልቁ ወደ ትንሹ እየገለበጡ በቤት መሙላት ፈጽሞ አይገባም። ሲሊንደር እስከ አፉ አይሞላም፤ ሙቀት ሲያገኘው ፈሳሹ የሚለጠጥበት ቦታ እንዲኖረው አንድ አምስተኛው ባዶ መተው ስላለበት ይህን የሚለካው ባለሙያ ነው።

ጎማውን በጣታችሁ አጥፋችሁ እዩት። የተሰነጣጠቀ፣ የደረቀ ወይም የተጻፈበት የአገልግሎት ዘመን ያለፈ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነውና ለውጡት። ከዚያም የልብስ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ በስፖንጅ ከሲሊንደሩ አፍ ጀምሮ እስከ ምድጃው ድረስ ቀቡት። አረፋው ከተነፋ ጋዝ አለ ማለት ነው። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን አደጋውን በገዛ እጅ መጥራት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ጂንካ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ የጋዝ ሲሊንደርም ሆነ ትንሿን የጋዝ ቆርቆሮ በሻንጣ ይዞ መሣፈር ክልክል ነው። በሕዝብ አውቶቡስም ቢሆን ከብዙ ሰው ጋር ታጭቆ በሚሄድበት ቦታ ጋዝ ጭኖ መግባት ነውርም አደጋም መሆኑን ማንም አይስተውም።

ወይጦ ላይ የሸተተን

የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ ካብ እርከን ያበጀው ተራራ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛም ኮንሶ ላይ ቆመን፣ ሻይ አፍልተን፣ ልጆቹ እርከኑን ሲቆጥሩ አርፍደን ተነሣን። ስንነሣ ግን እኔ ምድጃውን እንጂ ሲሊንደሩን አልዘጋሁም። በቤቴ ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና ምንም አልመሰለኝም።

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። ሹራብ ይወልቃል፤ ግራርና ቁጥቋጦ የሞላበት ሰፊ ሜዳ ከፊት ይዘረጋል። ወይጦ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ትንሿ ልጄ፣ “እማዬ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ” አለችኝ። ከወለሉ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተኝታ ስለነበር ከሁላችን በፊት የሸተታት እርሷን ነው። አብሮን የነበረው የባለቤቴ ጓደኛ ሲጋራውን ከአፉ አድርጎ ክብሪት ሊጭር ሲል ጮህሁበት።

በሮቹን ሁሉ ከፍተን ልጆቹን አወረድን። ባለቤቴ ሞተሩን ለማስነሣት ቢቃጣም እጁን ያዝኩት፤ ጋዝ በተጠራቀመበት ቦታ ማብሪያ መንካት፣ ሞተር ማስነሣት ወይም ስልክ መነካካት አይገባም። ሲሊንደሩን ዘግተን ወደ ውጭ አወጣነው፤ መኪናውንም ከግማሽ ሰዓት በላይ ክፍት አድርገን አናፈስነው። ጎማው ከጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ውሎ በአንድ በኩል ተልጦ ኖሯል። ባለቤቴ በፕላስተር እንጠቅልለው ቢለኝም እምቢ አልሁ። ደግነቱ መለዋወጫ ጎማ ይዘን ነበርና ጂንካ እስክንደርስ ድረስ ምድጃውን ሳንነካ ቆይተን በዚያ ለወጥነው።

ከዚህ የምትማሩት እንዲህ ነው። የቤታችሁ ቡታጋዝ ከቆመበት አይነቃነቅም፤ የመኪናው ግን ቀኑን ሙሉ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን ከአናቱ መዝጋት፣ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩን፣ እንደ በር መቆለፍ ልማድ ሊሆን ይገባል። በየማደሪያውም የሳሙናውን ፈተና ደግሙት።

ጂንካ ስትደርሱ

ለረጅም ዘመን የደቡብ ኦሞ መዲና ሆና የቆየችው ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በለምለም ኮረብታዎች ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋን የአሪ ገበሬዎች እንሰት፣ ቡናና በቆሎ ያለሙበት ማሳ ይከባታል። በመካከሏ ያለው የሣር ሜዳ የቀድሞው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከብት ሲግጥበትና ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ቆይቶ አውሮፕላን ሲመጣ ሜዳው ይለቀቅ እንደነበር የከተማዋ ሰዎች እየሳቁ ያወጓችኋል። አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ሌላ ቦታ ተሠርቷል።

ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። አሪ፣ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ማሌ እያላችሁ ስትቆጥሩ የአካባቢው ብሔረሰቦች 16 ይደርሳሉ። በሙዚየሙ የቤት ዕቃቸውን፣ ጌጣቸውን፣ የሴቶቹንም የሥራ መሣሪያ አይታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ቅዳሜ ከሆነ ወደ ገበያው ውረዱ። ማር፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ቅልና የሸክላ ድስት በየመደቡ ተደርድሮ ታያላችሁ።

የዝናቡ ሌሊት

እህቴ በጂንካ መምህርት ናት። የምትኖረው በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ስለሆነ እኛ ከግቢዋ በቆመው መኪናችን ውስጥ ለማደር ተስማማን። የዚያ አገር ዋነኛው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚወርድ ማታ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ትንሿ ልጄ ታስል ነበር። ቢንቢውም በዝቷል። እኔም እንደ ማንኛዋም እናት አሰብኩና ዝናቡም ቢንቢውም እንዳይገባ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ወተፍሁት። አዲሱን ጎማ በሳሙና ፈትኜ ስለነበር ልቤ ሙሉ ነበር። ወተት አሞቅሁ። ከዚያም ቤቱን ያሙቅልን ብዬ ምድጃውን ዝቅ አድርጌ ተውኩት።

ባለቤቴ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔን ራሴን ወቀረኝ፤ የመንገድ ድካም ነው አልሁ። መስተዋቱ ሁሉ ላብ አላበው። ትልቁ ልጄ፣ “እማዬ፣ ራሴን” ብሎ ነቃ። ትንሿ አስመለሳት። በቆላ አገር ልጅ ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው የሁላችንም አሳብ የሚሄደው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ወባ ይዟቸዋል አልሁና መድኃኒት ለመፈለግ ተነሣሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ሰማያዊ የነበረው የምድጃው ነበልባል ቢጫ ሆኖ ሳየው ትዝ ይለኛል፤ ነገር ግን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ አእምሮዬ ደክሞ ነበር።

በዚህ መካከል በሩ በኃይል ተንኳኳ። የእህቴ አከራይ የሆኑት እማማ የጣራውን ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ጀሪካን ለመለወጥ ሲወጡ የመኪናውን መስተዋት አይተው ኖሯል። “ልጄ፣ ክፈቺ! ውስጥ እሳት አለ ወይ?” እያሉ በሩን ራሳቸው ጎትተው ከፈቱት። ልጆቹን ተሸክመው ወደ በረንዳው ያወጧቸው እርሳቸውና እህቴ ናቸው። ባለቤቴን ለመቀስቀስ ከሁሉ ይልቅ ተቸገርን። ዝናቡ ፊታችንን እየመታን በረንዳው ላይ ተኮልኩለን ስናስመልስ ቆየን፤ ሳይነጋም በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሄድን። ለትንሿ ኦክስጅን ተሰጣት። የሁላችንም ደም ተመረመረ፤ ወባ የሚባል አልተገኘም። ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቀን፣ “መስኮት ተከፍቶ ነበር?” ብሎ ነው።

የማይናገር እሳት

ያገኘን ነገር ምን ነበር? ጋዝ አላፈተለከም፤ ሽታም አልነበረም። ማንኛውም እሳት፣ የጋዝም ይሁን የከሰል፣ የላምባም ይሁን የእንጨት፣ በተዘጋ ቦታ ሲነድ በውስጡ ያለውን አየር ይጨርሳል። አየሩ ሲያንሰው አጥርቶ መንደድ ይሳነውና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስልም፤ ዓይንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን አካል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚይዘው ሰው አየር እየሳበ ሳለ በውስጡ ይታፈናል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልቃል። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ቶሎ ይጎዱበታል፤ በማሕፀን ያለውም ጽንስ ጭምር። በከተማችን በክረምት ከሰል ክፍል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሲሞቱ የምንሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። በቡታጋዝ ላይ የሚጨመረው የሚከረፋ ሽታ ያልነደደውን ጋዝ እንጂ ይህን መርዝ እንደማይጠቁም መዘንጋት የለበትም።

በደቡብ ኦሞ ይህ አደጋ የሚበረታበት የራሱ ምክንያት አለው። እሳት መስኮት ክፈቱልኝ ሲል፣ አገሩ ደግሞ መስኮት ዝጉ የሚያሰኝ ብዙ ነገር አለው። በጂንካ ዝናብ፣ በወይጦና በኦሞራቴ ቢንቢ፣ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቆላ ዝንብ፣ በየመንገዱ አቧራ አለ። የሚሻለው ዘዴ ሁለቱን አለማገናኘት ነው። ለቢንቢው መስኮቱ ላይ የወንፊት ጨርቅ ማድረግና በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ መተኛት ይቻላል፤ አጎበሩን ግን ከነበልባል አርቁት፣ ቶሎ ይያያዛልና። ለብርዱ ብርድ ልብስ መጨመር ነው። እሳቱ ግን ከውጭ ይሁን።

ከወባ ጋር እንዳታምታቱትም ምልክቶቹን ልብ በሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስና የጉልበት መክዳት በሁለቱም ይኖራሉ። ነገር ግን በአንድ ክፍል ያሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ሻል ካላቸው የአየሩን ነገር ጠርጥሩ። የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ነው፤ ከዚያ እሳቱን ማጥፋት፣ ቀጥሎም ተሻለን ብሎ ሳይዘናጉ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ወተት ማጠጣት አየርን አይተካም። ደግሞም ከቆላ ስትመለሱ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ያለ ማመንታት የወባ ምርመራ ያድርግ።

በማግሥቱ እማማን ለማመስገን ቡና ይዤ ስገባ ከምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። “የኔ እሳት ይጨሳል፤ ዓይኔንም ጎድቶታል። ነገር ግን ሲበዛ በሩን ክፈቺ ይለኛል። የእናንተ እሳት ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ መስማት አለባችሁ” አሉኝ። የእንጨት ጭስ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ የታወቀ ስለሆነ ቡታጋዝ በአግባቡ ከተያዘ የተሻለ ነው። እማማም ቡታጋዝን መንቀፋቸው አይደለም፤ ጠባዩን እወቁለት ማለታቸው ነው።

ወደ ቆላው ስትወርዱ

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር ተመልሳችሁ ወደ ዲመካ፣ ቱርሚና ኦሞራቴ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃችኋል። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ፣ የዲመካ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ ነው። በነዚህ ገበያዎች የሐመር፣ የበናና የፀማይ ሴቶች በቆዳ ልብሳቸው ላይ ዛጎልና ጨሌ አድርገው፣ ጠጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር አሽተው ሲገበያዩ ታያላችሁ። ከኦሞራቴ በታች የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪቶች የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው።

የዚህ አገር ፀሐይ ጽኑ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና እንደ ምጣድ ይግላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ከሙቀቱ ጋር ስለሚጨምር ገበያ ልታዩ ስትወርዱ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፤ ከተቻለም ሲሊንደሩን አውርዳችሁ ሰው በሚጠብቀው ጥላ ሥር አኑሩ። ምድጃውን ስታኖሩ ደረቅ ሣር በሌለበት፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ ይሁን። አሸዋማው የደረቀ ወንዝ ንጹሕና ምቹ መስሎ ቢታያችሁ እንኳ በዚያ አትስፈሩ፤ ከላይ የዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ለወጥ ሠሪዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በጂንካ ግን በ95፣ በኦሞራቴ ደግሞ ወደ 99 ይጠጋል። ስለዚህ ምስሩም ሩዙም ከቤታችሁ ይልቅ ቶሎ ይበስላል፤ ይህን ካወቃችሁ ጋዛችሁ ይቆጠባል፣ ምግባችሁም አያርርም።

ቱርሚ ላይ ከኬንያ በኦሞራቴ በኩል የገቡ አንዲት የውጭ አገር ሴት ከባለቤታቸው ጋር አገኘን። መኪናቸው ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው ሙሉ ቤት ነው። የዘረጉትን ሁሉ በደስታ አሳዩኝ። ሲሊንደሩ የተቀመጠበት ሣጥን ከመኝታው የተለየና በውጭ በኩል የሚከፈት ነው፤ ከወለሉም ላይ ጋዝ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የሚወርድበት ቀዳዳ አለው። ከጣራው ሥር የማይዘጋ የአየር መውጫ አለ። ከአልጋው አጠገብ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ መሣሪያ ሰቅለዋል። ነዳጅ ማደያ ከመግባታቸው በፊት ማቀዝቀዣውንና ምድጃውን እንደሚያጠፉ፣ ሲሊንደሩን ሳይዘጉም መኪናው እንደማይንቀሳቀስ ነገሩኝ። ያን ሁሉ ያህል ዕቃ መግዛት ለብዙዎቻችን ባይቻልም ቀዳዳውንና የአየር መውጫውን ማበጀት፣ ቢቻልም ያችን የምትጮህ መሣሪያ መግዛት ከባድ አይደለም። መሣሪያዋ ግን መስኮት ለመዝጋት ፈቃድ አትሆንም።

በሰው አገር ሥርዓት

መኪና አቁማችሁ ምድጃ ስታነድዱ የመንደሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። ይህ የወግ ነውና አትቆጡ፤ ነገር ግን ምድጃውን ያለ ጠባቂ አትተዉ። ያለቀውን የጋዝ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ መጣልም ሆነ ጫካ ውስጥ መተው አይገባም፤ ልጆች አንሥተው ወደ እሳት ቢጨምሩት ይፈነዳል። ይዛችሁ ተመለሱ።

በዚያ አገር ልጆቹ ከመንገደኛ የሚለምኑት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” ይሏችኋል። ውሃና ወተት ይያዝበታልና የሚጠቅም ስጦታ ነው። ስለዚህ ላምባም ሆነ ቤንዚን በውሃ ጠርሙስ ፈጽማችሁ አትያዙ። እናንተ ረስታችሁት የሰጣችሁት ጠርሙስ በሌላ እናት ቤት የሕፃን መጠጫ ይሆናልና።

ምድጃችሁን ጨርሶ የማትነኩበትም ቀን ይኑር። በሐመር ቤት ከተጋበዛችሁ የቡና ገለባ ፈልቶ በቅል ይቀርብላችኋል። ትኩስ ነው፤ ጥማትም ይቆርጣል። በሴትዮዋ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ስትጠጡ ከየትኛውም ሙዚየም የበለጠ ትማራላችሁ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በአጭሩ እነዚህን አትርሱ፤

1ኛ/ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ይታሰር፤ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ከአናቱ ይዘጋ።

2ኛ/ ጎማና ማሰሪያ መለዋወጫ ያዙ፤ በየማደሪያው በሳሙና ፈትኑ።

3ኛ/ ጋዝ ከሸተታችሁ አታብሩ፣ አታጥፉ፣ ክብሪት አትጫሩ፤ ክፈቱ፣ ውጡ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ።

4ኛ/ ምድጃ ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይደለም። የከሰል ማንደጃም እንዲሁ።

5ኛ/ በምታበስሉበት ጊዜ ሁሉ አየር ከታችም ከላይም ይግባ፤ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ አጥፉት።

6ኛ/ የእሳት ማጥፊያ ዱቄት ከበሩ አጠገብ ይኑር፤ ክብሪት ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

7ኛ/ ሲሊንደሩን ሲለውጡ፣ ልጆች ርቀው፣ ከውጭ፣ በብርሃን ይሁን።

እኔ ዛሬም በጉዞ ላይ ስሆን ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ሲሊንደሩን አውጥቼ ከመኪናው ራቅ አድርጌ አቆመዋለሁ፤ መስኮቱን ከወንፊት ጨርቁ ሥር አራት ጣት ያህል እከፍተዋለሁ፤ ከዚያም የሁለቱን ልጆች ትንፋሽ እሰማለሁ። ትንሿ ልጄ አሁን ይህን ሥርዓት ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። “እማዬ፣ እሳቱ ወጣ?” ብላ ሳትጠይቅ አትተኛም።

እናንተም መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ። ጂንካን ስታዩ የኮረብታዋን ልምላሜ፣ የገበያዋን ድምቀት፣ የሰዎቿንም ደግነት ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። በእንቅልፋችሁ ሰዓት ግን እሳቱ ከውጭ ይደር።